በማኅበሩ ጋን የነከርሁት ጡብ

የልጅ ልጆቼ ናቸው ያስጻፉኝ። በመጡ ቁጥር «እምዬ፣ ያንን የጋኑን ነገር ይንገሩን» ይሉኛል። ስንት ጊዜ ሰምተውታል መሰላችሁ! ስነግራቸው አንዲት ነገር የዘለልሁ እንደሆነ «ኧረ እምዬ፣ ክንድዎን ረሱት!» ብለው ያርሙኛል። ከእኔ ይልቅ እነሱ የነበሩበት ነው የሚመስለው። እኔም ዘንድሮ ክረምቱ ከቤት ሲያውለኝ፣ በቃ አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ ብዬ ብዕር ያዝሁ። የትምህርት ቤት በር ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለቀምሁት ልጆቼ ደብተራቸውን ዘርግተው ሲያነቡ ከኋላቸው ቆሜ ሽንኩርት እየላጥሁ ነው። ጽሑፌ ሽንኩርት ሽንኩርት ቢላችሁ ከዚያ የመጣ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ፍየል ናት። የጎረቤቴ የጥሩነሽ ፍየል። ጥሩነሽ ራሷ ደግ ሴት ናት፤ ፍየሏ ግን ከማን እንደተማረችው እንጃ፣ የካብ አጥር ስታይ ደረጃ የተሠራላት ነው የሚመስላት። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሽማግሌዬ ደምሴ ጎመኑ መሀል አገኛት። ደምሴ ያኔ ሰባውን አልፏል፤ ያለፈ አይመስለውም እንጂ። ፍየሊቱ ካቡን ዘልላ ስትወጣ እሱም ተከትሎ ዘለለ። እሷ ማዶ አረፈች። እሱ ከነድንጋዩ ወዲህ ወረደ። ጭኑ ላይ ተሰበረ። ፍየሊቱ ዞር ብላ አየችው፣ አፏ ላይ የቀረውን ቅጠል አኝካ ጨረሰችና መንገዷን ሄደች።

ከገሳይ ወጌሻ አስመጣን። አያ ስማቸው ይባላል፤ እጁ የሕፃን ልጅ እጅ ይመስል የለሰለሰ ሰው ነው። አሸው፣ አቃናው፣ በሸንበቆ ጠፍሮ አሰረውና «አርባ ቀን እንዳትነቃነቅ» ብሎት ሄደ። በየሳምንቱ እየመጣ ያየዋል። አርባው ቀን ደረሰ፤ ሸንበቆው ተፈታ። ደምሴ ግን አልተነሣም።

«ሞክር እንጂ» እለዋለሁ።

«እምቢ አለኝ።»

«ማነው እምቢ ያለህ?»

«እግሬ ነዋ!»

ወጌሻውን ደጅ ድረስ ሸኝቼ ስጠይቀው ጺሙን እያሻሸ «ጊዜ ይፈልጋል» ይለኛል። ዐይኔን አያየኝም። ሰው ክፉ ነገር ሲያውቅ ዐይን አያይም ብዬ ወደ ቤት እመለሳለሁ።

የደምሴ አባት፣ አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዲሁ ወድቀው ተኝተው ሳይነሡ ነው የቀሩት። በዚያው ቤት፣ በዚያው መደብ ላይ። ደምሴ ደግሞ ቁርስ ሳይቀምስ ከደብረ ታቦር ጋፋት በእግሩ ደርሶ የሚመለስ ሰው ነበር። አሁን መደቡ ላይ ተዘርግቶ ሳየው እኔ የማየው የሱን እግር አልነበረም፤ የአባቱን ነበር። ይሄ ሰው ሳይነሣ ሊቀር ነው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሥራዬን ጥዬ አጠገቡ እቀመጣለሁ። አጎርሰዋለሁ። የሰፈሩን ወሬ አወራለታለሁ፤ ወሬው ሲያልቅብኝ ከራሴ እጨምርበታለሁ። ያን ሰሞን ያልተጋቡ ሰዎች አጋባሁ፣ ያልተጣሉ አጣላሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ይስቃል፣ ይበላል። ልክ «ተነሥ» ስለው ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

ሰኔ ገባ። በሰኔ ደምሴ የጎመን ችግኝ ያፈላል። ዘሩ ከእናቱ ጓሮ የመጣ ነው፤ በትንሽ ቅል አድርጎ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል፤ እኔ እንኳ እንድነካው አይወድም። ቅሉን አውርጄ አሳየሁት።

«ዘንድሮስ ማን ያፍላው?» አልሁት።

«የጥሩነሽ ፍየል ትዝራው። የምታጭደውም እሷ ናት» አለና ዐይኑን ጨፈነ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን ዘሩን አልነካውም። ጓሮ ወጥቼ ለልጅ ልጃችን ለትዕግሥት ደወልሁላት። ትዕግሥት ባሕር ዳር አንድ ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ዘንድ ትሠራለች። እኔ አለቀስሁ፤ እሷ እስክጨርስ ሰማችኝና፣

«እምዬ፣ አያቴ ጓሮ መሄድ ካልቻሉ ጓሮውን ወደሳቸው እናምጣው» አለችኝ። «እኛ እዚህ ችግኝ የምናፈላው በአፈር አይደለም፤ በኮኮናት ቃጫ ነው። ኮኮናት የሚባል የሞቃት አገር ፍሬ አለ፤ የልጣጩን ቃጫ ፈጭተው፣ አድርቀው፣ ጨምቀው ነው የሚያመጡት። አረም የለው፣ ጭቃ የለው። አያቴ መደባቸው ላይ ሆነው ታቅፈውት ሊዘሩ ይችላሉ።»

ታቅፎ መዝራት! ልጅ ሲታቀፍ አይቻለሁ፣ ጠቦት ሲታቀፍ አይቻለሁ፤ ጓሮ ሲታቀፍ አይቼ አላውቅም። ግን ደምሴን ከግድግዳው የሚያዞርልኝ ከሆነ ጋራውንም ቢሆን አሳቅፈው ነበር።

በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ ላከችው። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበል ረዳቱ ከመቀመጫ ሥር ስቦ አወጣና «እማማ፣ ቤት እየሠሩ ነው እንዴ?» አለኝ። እውነትም ጡብ ነው። ላስቲክ ለብሷል፤ ላስቲኩ ላይ የፈረንጅ ጽሕፈትና ጠጉሩ የተንጨባረረ ረጅም ዛፍ አለበት። ላስቲኩን ስገፈው ኩበት ነው የመሰለኝ። ኩበት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ጥግ ጥጉን ተስተካክሎ ቢመረቅ ይህንኑ ይመስላል። አሸተትሁት፤ ምንም አይሸትም። በጥፍሬ ጫርሁት፤ ጥፍሬ ነው የተጫረው።

ለደምሴ አቀረብሁለት።

«ምንድን ነው?»

«ዘር የምትዘራበት።»

«ጡብ ላይ?»

«ሲነከር ይለሰልሳል።»

ጡቡን በጣቱ አንኳኳው። ኳ ኳ አለ። «እኔ ብሞትስ መቃብሬ ላይ የሚደረገው ይሄ ነው?» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔም ተናድጄ ጡቡን አንሥቼ ወጣሁ። ዛሬ ታየዋለህ አልሁ በሆዴ። አየነውም።

ትዕግሥት በስልክ አስጠንቅቃኝ ነበር። «የዳቦ ቁራሽ የምታህል ገምሰው በባልዲ ይንከሩ፤ ውሃውን ጠጥታ ታብጣለች፤ ለአሁን ያ ይበቃል» ብላኛለች። ሰምቻታለሁ። ጆሮዬ ደኅና ነው። ግን ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜዬ ቁራሽ ነገር ነክሬ አላውቅም። እዚህ አገር ጌሾ ብትጠነስሱ በጋን፣ ድፍድፍ ብትደፈድፉ በጋን ነው። በባልዲ የሚነከር የቆሸሸ ልብስ ነው። ደግሞ ዘር የሚያህል ነገር ተኝቶበት ሊበቅል፣ እንዲያው በቁራሽ?

ቤት ውስጥ ባዶ የነበረው ጋን አንድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የእኔ አይደለም፤ የማርያም ማኅበራችን ነው። የሰኔ ማርያም ተረኛዋ እኔ ስለነበርሁ ካለፈችው ተረኛ ተቀብዬ፣ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ ጓዳ አስቀምጬዋለሁ። ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ሆዱ የርጉዝ ላም ሆድ ነው፤ አንገቱ ግን የሴት ክንድ እንጂ የወንድ አያስገባም። ማኅበሩ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ጋኑ እስከዚያ ሥራ ከሚፈታ ብዬ፣ ጡቡን በፋስ ፈልጬ ፈልጬ፣ አንዲት ፍርፋሪ ሳላስቀር በአንገቱ አስገባሁት። ለብ ያለ ውሃ ሞላሁበት። ከዚያ ምን አደረግሁ? አፉን ከድኜ ዙሪያውን በጭቃና በአመድ መረግሁት። ማንም አላዘዘኝም። እጄ ነው። እጄ ስንት ዘመን ጋን ሲመርግ የኖረ ስለሆነ እኔን ሳይጠይቀኝ መረገው።

ከዚያ የደምሴን ምሳ ይዤ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ሁለተኛውን ጉርሻ ሳላጎርሰው ከጓዳ «ጭስስስ» የሚል ሰማሁ። ድመት ነው አልሁ። ሦስተኛው ላይ «ጧ!» አለ። ድመት ጧ አይልም።

ሮጬ ብገባ ምርጉ ተሰንጥቆ፣ ክዳኑ ወለሉ ላይ ይሽከረከራል። በጋኑ አፍ ቡናማ ነገር እየወጣ ነው። ቀስ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ሰው ከመኝታው አንገቱን ቀና እንደሚያደርግ ሆኖ ይወጣል። በማማሰያ ወደ ታች ገፋሁት። ገባ። ማማሰያውን ሳነሣ ተከትሎት ወጣ። ሊጥ ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ውሃ ይጨመራል። ውሃ ጨመርሁበት። አይ እኔ! የተጠማ ኖሯል። ያንን ጠጥቶ ደግሞ ሌላ ክንድ የሚያህል ወጣ።

መዛቅ ጀመርሁ። ባልዲው ሞላ። ድስቱ ሞላ። ገበቴው ሞላ። ቁናውን ሞላሁት፤ ሰፌዱ ላይ ከመርሁት፤ የደምሴን ባርኔጣ እንኳ አልማርሁትም። አንዲት ዶሮዬ ከውጭ ገብታ ቁናውን አየች፤ ወጣችበት፤ ሁለቴ ዞረችና ዕድሜ ልኳን የምትፈልገውን ቤት እንዳገኘች ሁሉ ተቀመጠች። ላስነሣት ብል ነቆረችኝ። አንድ ኩበት የምታህል ነገር ይህን ሁሉ ዕቃ ሞልታ ጋኑ ገና ጢም እንዳለ ነው! ያን ጊዜ ፈራሁ። ይህቺ ጡብ ቤቱን ሞልታ፣ ደጁን ሞልታ፣ ደብረ ታቦርን አልብሳ መቆሟን እንጃ አልሁ።

ከላይ ያለው ሲያልቅ ሆዱ ውስጥ የቀረው ተጠቅጥቆ አልወጣም አለ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እስከ ብብቴ ሰደድሁት። ከታች ጥሩ እፍኝ ጨበጥሁ። ሳብሁ። ክንዴ መጣ መጣና አንገቱ ላይ ቀጥ! ጎተትሁ፤ ጋኑ አብሮኝ መጣ። ገፋሁ፤ አብሮኝ ሄደ። ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁና ጋኑን እንደ ልጅ ታቅፌ፣ የማርያም ማኅበር ሴቶች ሁሉ በዐይኔ ፊት ተሰልፈው ሲመጡ ታየኝ። ተረኛዋ ከነጋኑ ልትቀርብ ነው! ጮኽሁ።

«ደምሴ! ኧረ ደምሴ! ያዘኝ!»

«ምን ያዘሽ?»

«ጋኑ!»

ቀና ብል ጓዳው በር ላይ ደምሴ ቆሟል። ቆሟል ስላችሁ! ዱላ አልያዘ፣ ግድግዳ አልተደገፈ። ከመደቡ እስከ ጓዳው ዐሥር እርምጃ ይሆናል፤ እሱ በሦስት ነው የደረሰው።

«አንተ!» አልሁ፤ ክንዴንም ጋኑንም ረሳሁ። «ቆመሃል እኮ!»

ወደ እግሩ አየ። የሌላ ሰው እግር ይመስል ጥቂት ተመለከተው። ከዚያ «ወይኔ!» አለና ማነከስ ጀመረ። የሚያነክሰው በደኅናው እግሩ ነበር፤ ድንጋጤው ነው አልሁ። መጥቶ አጠገቤ በርከክ አለና በጋኑ አፍ አጮለቀ።

«ውስጥ ምን ይዘሻል?»

«እፍኝ።»

«ልቀቂው።»

«ልቀቅና እንደገና ልጀምር?»

«አንቺ ሴት፣ እጅሽ ይሻልሻል ወይስ ይሄ ገለባ? ልቀቂ አልሁሽ!»

ለቀቅሁት። ክንዴ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሹልክ ብሎ ወጣ። እስከ ብብቴ ቡናማ ሆኖ ጠጉር ያበቀለ ይመስላል። ደምሴ ክንዴን አየ፣ ዶሮዋን አየ፣ ባርኔጣውን አየ። መሳቅ ጀመረ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባው ጺሙ ውስጥ እስኪገባ ሳቀ። እኔ ደግሞ እሱን እያየሁ አለቀስሁ። እንዲህ ሆነን ሳለን ጥሩነሽ ነጠላዋን እየጎተተች ገባች።

«ጩኸት ሰማሁ! ምነው እቴ፣ ሞተ እንዴ?»

«ማን?» አላት ደምሴ።

ጥሩነሽ አየችው፤ አማተበች። «ማርያም ማርያም! ተነሥቷል!» ከዚያ ዐይኗ ጋኑ ላይ አረፈ። ስለ ደምሴ ያማተበችው እጅ እንደተንጠለጠለ ቀረ። «የማኅበሩን ጋን! ምን ከትተሽበት ነው? ይሄ ጠጉር አይደለም እንዴ?»

«የኮኮናት ነው።»

«ኮኮናት ደግሞ ምን የሚባል አውሬ ነው?»

«ፍሬ ነው፣ ጥሩነሽ።»

«ፍሬ ጠጉር ያበቅላል? አታልለዋችኋል፤ የግመል ጠጉር ነው። በጾም! በሰኔ ጾም የማርያምን ጋን በግመል አረከስሽው!»

«ፍየልሽን አጥሪ እንጂ ግመሉን ለእኛ ተይው» አላት ደምሴ። ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥርስ ያለው ነገር ሲናገር የመጀመሪያው ነው፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ግን የጥሩነሽ ነገር አሳሰበኝ። በማግስቱ አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥሬ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድሁ። አባ ዘርግተው አዩት፣ አሹት፣ አሸተቱት።

«ምን ልታደርጊበት ነው?»

«ጎመን ላፈላበት፣ አባቴ። የግመል ጠጉር ነው ያሉ ሰዎች አሉ። ጎመኑ የፍስክ ይሆን?»

አባ እፍኙን ወደ ብርሃን አዞሩት። መጽሐፍ በልባቸው እያገላበጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እስከ ዛሬ ጎመንሽን በምን ነው የምታለሚው?»

«በፍግ።»

«ፍግ ከምን ይወጣል?»

«ከላም።»

«ታዲያ የላሚቱን ፍግ የበላ ጎመን ስንት ጾም አብሮን ጾሞ፣ ጠጉር ላይ የተቀመጠ ጎመን ምን አጠፋ? ይልቅ ጋኑን በደንብ እጠቢ። ሰኔ ማርያም እመጣለሁ።»

ቤት ስመለስ ልቤ ሌላ ነገር ፈርቶ ነበር፤ ደምሴ ትናንት በድንጋጤ ተነሥቷል፣ ዛሬ ደግሞ ተመልሶ ቢተኛስ? ስገባ መደቡ ባዶ ነው። ሽማግሌው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። «ያንን ጋን አውጪልኝ» አለኝ። «አንቺ ከያዝሽው አንገቱን ትሰብሪዋለሽ።» ሽቦ ቆልምሞ መንጠቆ ሠራ። እኔ ጋኑን አጋድሜ ጭኔ ላይ እይዛለሁ፤ እሱ እየቆነጠረ ያወጣል። በሦስት እፍኝ መሀል አንድ ወሬ አወራለታለሁ። ሥራው ግማሽ ቀን የሚፈጅ ነበር፤ ሦስት ቀን ወሰደብን። እየመሸ ሲሄድ እያነከሰ ወደ መደቡ ይመለሳል፤ እኔም ነገ ይነሣ ይሆን እያልሁ እሠጋለሁ።

ከዚያ ዘሩን ጠየቀኝ። ራሱ! ቅሉን አቀበልሁት። የዘይት ጀሪካን ለሁለት ሰንጥቀን፣ ሥሩን በስተን፣ ያንን ቃጫ ሞላንበት። ጭኑ ላይ አስቀመጠው። በተሰበረው ጭኑ ላይ። ጣቱን ሰደድ አድርጎ፣ «እንዴት ይሞቃል አንቺ! የጥጃ ሆድ ይመስላል» አለ። ዘሩን በሦስት ጣቱ ቆንጥሮ ጨው የሚነሰንስ ያህል ነሰነሰው። በአምስተኛው ቀን ወጣ። ደጅ በረዶ ድብልቅልቁን ሲያወጣ፣ የጥሩነሽ ችግኝ በሰበዝ የተገረፈ ሲመስል፣ የእኛ መስኮት ሥር ተቀምጦ አረንጓዴ ነው። ደምሴ ከእኔ ቀድሞ መነሣት ጀመረ። ከችግኙ ጋር ያወራል፤ ምን እንደሚለው አልሰማሁም፣ እኔ ስመጣ ያቆማል።

ደስታችን ዐሥር ቀን ቆየ። ከዚያ ቅጠሉ ገረጣ። ከገረጣ በኋላ ቢጫ ሆነ። ደምሴ ጀሪካኑን ከጭኑ አውርዶ አስቀመጠው። በማግስቱ እስከ ረፋድ ድረስ ከመደቡ አልወረደም፤ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። «እኔ የነካሁት ከእንግዲህ አይበቅልም» አለ። ልጆቼ፣ ያቺ ሰዓት ከስብራቱ ቀን ትብስ ነበር። ስልኩን ይዤ ጓሮ ወጣሁ።

«እምዬ፣» አለችኝ ትዕግሥት፣ «ቃጫው እኮ አልጋ ነው እንጂ ምግብ የለውም! አሁን ተርበዋል ማለት ነው። የፍግ ውሃ በጣም አቅጥነው በትንሽ በትንሹ ያጠጧቸው።»

ገብቼ ለደምሴ «ርቧቸው ነው» አልሁት። «አንተ ጋደም ብለህ ልጆቹ ርቧቸው ነው።» ቀና አለ። በማንኪያ እያደረገ አንድ በአንድ አጠጣቸው። እኔም ልርዳ ብዬ ሁለተኛውን የጀሪካን ግማሽ ወሰድሁ። በጣም አቅጥኚ መባሌ እውነት ነው፤ ግን የተራበን ልጅ በማንኪያ ማጎረስ እጄ አልቻለም። ገለበጥሁላቸው። በሁለተኛው ቀን የእኔ ጀሪካን በሙሉ ተቃጥሎ ተኛ። ደምሴ አየው፣ እኔን አየኝ፣ ይቆጣል ስል «አንቺ ስትሰጪ እኮ በጋን ነው» አለና ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። የሱ ጀሪካን አረንጓዴ ሆነ።

በዚህ መሀል በዋለችው የሰኔ ማርያም ዕለት ጋኑ ሰባት ጊዜ ታጥቦ፣ ሦስት ጊዜ ታጥኖ፣ ጠላው ተጠምቆበት ቀረበ። ትንሽ ጠቆር ብሏል። የመጀመሪያውን ዋንጫ ጥሩነሽ ቀመሰችና ሁሉም እስኪያያት ድረስ አፏ ውስጥ አቆየችው። «ግመል ግመል ይላል» አለች። አባ ተቀበሏትና ጠጡ፤ አሰላሰሉ፤ «የለም፣ ሰኔ ላይ ጣራ ገዳም ጫካው ውስጥ ስትገቢ እንዲህ ነው የሚሸተው» አሉና ደገሙ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጣራ ገዳምን ሊሳለም ፈለገ፤ ጋኑ በአንድ ቀን ባዶ ሆነ። ዶሮዋም ውሎ አድሮ ቁናው ውስጥ ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። ጥሩነሽ የማርያም ዕለት ሲመሽ በጓሮ በር መጥታ «ከዚያች ከግመሏ ትንሽ አትሰጪኝም?» አለችኝ። በአቁማዳ ሰጠኋት።

ሐምሌ ላይ፣ ጭጋጉ ገለጥ ባለ ቀን፣ ደምሴ ችግኙን ተሸክሞ ጓሮ ወረደ። ከኋላው ዱላ ይዤ ተከተልሁት፤ አልተቀበለኝም። ጭቃው ላይ ተንበረከከና ሃያ ሦስቱን ችግኝ ተከለ። ከዚያ መሬቱን በእጁ ተጭኖ፣ ብቻውን፣ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ፍየሊቱ ካቡ ላይ ቆማ ታየዋለች። «ነይ እስቲ!» አላት። እኔ የተሸከምሁትን ከፋሲካ ወዲህ የከበደኝን ነገር እዚያው ጭቃው ላይ አራግፌው የገባሁ መሰለኝ። ጡቧን መረቅሁ። ትዕግሥትን መረቅሁ። ኮኮናት የሚበቅልበትን አገር፣ የት እንደሆነ ሳላውቀው፣ መረቅሁት።

ደምሴ ከዚያ በኋላ ስድስት ክረምት ጎመን አፈላ። ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። በተኛበት ሳይሆን፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ ነው ያረፈው።

ባለፈው ጥቅምት እኔ አንሸራቶኝ የእጄ አንጓ ወለም አለና አያ ስማቸውን አስጠራሁት። እሱም አርጅቷል፤ እጁ ግን እንደ ድሮው ነው። እያሸኝ ወደዚያ መደብ አየና ብቻውን ፈገግ አለ።

«ምን ያስቅሃል?» አልሁት።

«እትዬ፣ እሱም አልፏል፣ እኔም አንድ ቀን ነኝ፤ ልንገርዎት» አለኝ። «ያኔ አጥንቱ እኮ ጡቡ ከመምጣቱ በፊት ገጥሞ ነበር። አርባው ቀን ላይ ጨምቄ አይቼ፣ 'ድነሃል፣ ተነሥና ሂድ' ብዬዋለሁ። እጄን ያዘኝ። 'አያ ስማቸው፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ለሷ እንዳትነግርብኝ፤ ጥቂት ቀን ጨምርልኝ' አለኝ። ምነው ብለው፣ 'አርባ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር፣ በቀን ብርሃን ሥራዋን ትታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስታወራኝ ገና አሁን ነው' አለኝ።»